ከእግራችን በታች ያለው ውሃ
(ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለሰፈር ኮሚቴ አባላት የተደረገ ንግግር)



  የዛሬው ጉዳያችን ነዳጅ ነው። በመምህራን ሥልጠና የምንሠራ ሰዎች ስለ ነዳጅ ለመናገር መነሣታችን የሚገርማችሁ ትኖሩ ይሆናል። የዘወትር ሥራችን ስለ ንባብ፣ ስለ ሒሳብና ስለ ልጆች አያያዝ መናገር ነው። ነገር ግን ከየሰፈሩ ወላጆች አንድ ጥያቄ ይደርሰናል። ድሮ ነዳጅ ማደያ ወይም ጋራዥ በነበረበት ቦታ ላይ በድንገት አጥር ይታጠራል፤ መቆፈሪያ ማሽን ይመጣል፤ ክዳን ያላቸው ቀጫጭን ቱቦዎች መሬት ውስጥ ይተከላሉ። ሰዎቹ የሚፈልጉት ምንድን ነው? ለልጆቻችን ያሰጋል ወይ? ማስታወቂያ ቢለጠፍም በዕብራይስጥ ነው፤ ዕብራይስጥ ማንበብ የሚችለውም ቢሆን የመሐንዲስ ቋንቋ ስለሆነበት አይገባውም። በመጨረሻ ወረቀቱን አንብቦ የሚያስረዳው የ12 ዓመት ልጅ ይሆናል። ልጅ የወላጆቹ አስተርጓሚ ሲሆን በሐኪም ቤትና በባንክ ምን እንደሚደርስ ሁላችንም አይተናል። አባት የልጁን ፊት እያየ ዜናው ክፉ ይሁን ደግ ለመገመት ይሞክራል። ይህ ሸክም ከልጆቻችን ትከሻ መነሣት አለበት።

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እናስረዳለን። ነዳጅ እንዴት ወደ አፈርና ወደ ውሃ እንደሚገባ፣ ባለሙያዎች እንዴት እንደሚመረምሩትና እንደሚያጸዱት፣ በዚህም ሥራ ውስጥ የእኛ ድርሻ ምን እንደሆነ። ድርሻችን የሚጀምረው ሥራው ካለቀ በኋላ ውጤቱን በመስማት እንዳልሆነ፣ ገና ከመጀመሪያው ቀን እንደሆነ ተረድታችሁ እንድትሄዱ እንፈልጋለን።

በጎንደርም ሆነ በትግራይ በነበሩት መንደሮቻችን ውሃ የሚታይ ነገር ነበር። ወገኖቻችን ለመንጻት ሥርዓት ሲሉ መንደራቸውን በወንዝ አጠገብ ይመሠርቱ ነበር። የሚጠጣው ከላይ ይቀዳል፤ ልብስ የሚታጠበውና ከብት የሚጠጣው ከታች ነው። ይህን ያፈረሰ ሰው ወዲያው ይታያል፤ ሽማግሌም ይቆጣዋል። እዚህ አገር ግን ብዙው ውሃ ከእግራችን በታች ነው። ምንጩንም መንገዱንም አናይም። የባሕር ዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃ ከካርሜል ተራራ አካባቢ አንሥቶ እስከ ጋዛ ድረስ በአሸዋና ኩርካር በሚባለው ድንጋይ ውስጥ ተኝቷል። ሐዴራ፣ ኔታንያ፣ ረሆቮት፣ አሽዶድና አሽከሎን፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ከተሞች ሁሉ፣ በዚህ ውሃ ላይ ተቀምጠዋል። አሸዋ ዝናቡን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከላይ የፈሰሰውንም ነገር እንዲሁ ያሳልፋል።

ነዳጅ ወደ መሬት የሚገባው በትልቅ አደጋ ብቻ አይደለም። ነዳጅ ማደያ ታንኩን የሚቀብረው ከመሬት በታች ነው። ብረቱ ከጊዜ ብዛት ይዝጋል፤ የቧንቧው መጋጠሚያ ይላላል፤ መኪና ሲሞላም ሆነ ታንክ ሲሞላ ይንጠባጠባል። በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ የሚያፈስ ቧንቧ በቀን ከ4 ሊትር በላይ፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ያፈሳል። በሺህ በሚቆጠር ሊትር በሚሸጥበት ቦታ ይህን ያህል ጉድለት ማን ያስተውለዋል? ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው።

የፈሰሰው ነዳጅ በአፈሩ መካከል ወደ ታች ይወርዳል። ጥቂቱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ በየቦታው ይቀራል፤ ጥቂቱ ተንኖ በአፈሩ ቀዳዳ ውስጥ ይሄዳል፤ የቀረው ውሃው ጋ ሲደርስ ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈውም ውስጥ የሚሟሟው እየተሟሟ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ አብሮ ይጓዛል። ከሁሉ የሚፈራው ቤንዜን የሚባለው ነው። ስሙ መኪና ከምንሞላው ቤንዚን ጋር ቢመሳሰልም በቤንዚን ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተጋለጠውን ሰው የደም ካንሰር ሊያስይዝ እንደሚችል የታወቀ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ማይክሮግራም ቤንዜን ነው፤ ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። አሁን እናስላ። አንድ በመቶ ቤንዜን ያለበት አንድ ሊትር ቤንዚን ከ8 ግራም በላይ ቤንዜን ይዟል። ይህ ከ800,000 ሊትር የሚበልጥ ውሃ ከዚያ ልክ ለማድረስ ይበቃል። እያንዳንዳቸው 10,000 ሊትር የሚይዙ ሰማንያ የውሃ ቦቴዎች ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ሊትር።

ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ሲባል የሚጨመር ኤምቲቢኢ የሚባል ነገርም አለ። ይህኛው በውሃ በቀላሉ ይሟሟል፤ ከሌሎቹ ፈጥኖ ሩቅ ይሄዳል፤ በአፈር ውስጥም ቶሎ አይጠፋም። በጣም ጥቂቱ እንኳ የውሃውን ጣዕምና ሽታ ያበላሻል። ስለዚህ መርማሪዎች ብክለቱ እስከ የት እንደደረሰ ሲፈልጉ ብዙ ጊዜ ፊት ፊት ሲሄድ የሚያገኙት እርሱን ነው።

«ዛሬ የምንጠጣው ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ምን አስጨነቃችሁ?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። የአሽከሎን ማጣሪያ በ2005 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሌሎቹም ከተጨመሩ በኋላ፣ በየቤታችን ከሚደርሰው ውሃ ብዙው የባሕር ውሃ ሆኗል። ነገር ግን ማጣሪያ በብልሽት፣ በጦርነት ወይም ባሕሩ ሲበከል ሊቆም ይችላል፤ በዚያን ቀን መጠባበቂያችን የከርሰ ምድሩ ውሃ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ የነዳጅ ትነት ወደ ላይም ይወጣል፤ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ መግቢያ በኩል ወደ ምድር ቤትና ወደ መጀመሪያ ፎቅ ሊገባ ይችላል። በምድር ቤት የሚሰበሰበው፣ የልጆች መዋያ የሚከፍተውና የታችኛው ፎቅ ላይ የሚኖረው ማን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። በመጨረሻም፣ የተበላሸ ጉድጓድ ሲዘጋ የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ይሁን እንጂ በአንድ ሰፈር የተበከለ መሬት ተገኘ ማለት የቧንቧ ውሃችሁ ተበከለ ማለት አይደለም። የቧንቧ ውሃ ይመረመራል፤ ተበክሎ የተገኘ ጉድጓድም ይዘጋል። ስለ ጉዳዩ የምንናገረው ሰው እንዲደነግጥ ሳይሆን እንዲጠይቅ ነው።

መምህራን በክፍል ውስጥ እንድታሳዩ ቀላል ሙከራ እንንገራችሁ። ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ውሰዱ። በአንድ ጎኑ ቀጭን ቱቦ እስከ ታች አቁሙና ንጹሕ አሸዋ ሙሉበት። በቱቦው በኩል ቀስ እያላችሁ ውሃ ጨምሩ፤ ውሃው እስከ ግማሽ ሲደርስ አቁሙ። በርበሬ ፈልቶበት የቀላ፣ ተጣርቶም የቀዘቀዘ ጥቂት ዘይት ከላይ በአንድ ቦታ ላይ አፍስሱ። ዘይቱ በአሸዋው ውስጥ ሲወርድ፣ ውሃው ጋ ሲደርስም ወደ ጎን ሲሰፋ ልጆቹ ይመለከታሉ። ከዚያ ውሃውን በቱቦው ከፍ ዝቅ አድርጉት። ቀዩ ነገር ከላይም ከታችም ይቀባል፤ ከእንግዲህ የቱንም ያህል ውሃ ብታፈሱ አሸዋው እንደ ቀድሞው ነጭ አይሆንም። በክረምት ዝናብ ውሃው ከፍ ሲል፣ በበጋ ዝቅ ሲል ነዳጁ በአፈሩ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማጽዳት ከማፍሰስ ለምን እንደሚከብድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘንም።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። የምርመራው መጀመሪያ መቆፈር አይደለም፤ መጠየቅ ነው። በዕብራይስጥ ሴከር ሂስቶሪ ይሉታል፤ የቦታውን ታሪክ ማጥናት ማለት ነው። ታንኮቹ የት ነበሩ? መቼ ተቀበሩ፣ መቼስ ተቀየሩ? አሮጌ ዘይት የት ይደፋ ነበር? መኪና የሚታጠበው የት ነበር? ፈሳሹስ ወዴት ይሄድ ነበር? መርማሪው አሮጌ ካርታና ከአውሮፕላን የተነሣ ፎቶግራፍ ያያል፤ የኢሪያውን፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤቱን፣ መዝገብ ያገላብጣል። ነገር ግን መዝገብ ላይ ያልተጻፈ ብዙ ነገር አለ። በሌሊት የፈሰሰውን በአሸዋ ሸፍኑ ተብሎ የሸፈነው ሠራተኛ መዝገብ ላይ የለም። ከኋላ በኩል ስለ ተቆፈረው ጉድጓድም የሚናገር ወረቀት የለም።

ወገኖቼ፣ ይህን የሚያውቀው ማን ነው? ከእኛ መካከል በነዳጅ ማደያ፣ በጋራዥ፣ በጽዳትና በሌሊት ጥበቃ የሠሩ አባቶችና ወንድሞች አሉ። ዕብራይስጥ ስላልቻሉ ማንም አስተያየታቸውን አልጠየቃቸውም፤ ያዩትን ግን አልረሱም። አንድ የሌሊት ዘበኛ «ሽታው የሚበረታው በዚህ በኩል ነበር» ብሎ በጣቱ ቢያሳይ፣ በተሳሳተ ቦታ ሊቆፈር የነበረው ጉድጓድ ወደ ትክክለኛው ቦታ ይዛወራል። የአንድ ጉድጓድ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ በተሳሳተ ቦታ ተቆፍሮ «ምንም አልተገኘም» የሚል ወረቀት ደግሞ ካለመመርመር ይብሳል፤ ሁሉም ሰው አምኖት ይተኛልና። የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ የሰው ትዝታ ከሆነ የእኛ ሽማግሌዎች እርዳታ ተቀባዮች ብቻ አይደሉም፤ ምስክሮች ናቸው። ይህ ምስክርነት በአማርኛና በትግርኛ እንዲሰማ መጠየቅ መብታችን ነው።

ከታሪኩ በኋላ የአፈሩ ጋዝ ይመረመራል። ቀጭን ቱቦ መሬት ውስጥ ተተክሎ በአፈሩ መካከል ያለው አየር ይሳባል፤ ትነት ካለ እዚያ ይታወቃል። ቀጥሎ ይቆፈራል፤ ከየጥልቀቱ አፈር ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። የአፈሩ ናሙና ወዲያው በሚዘጋ ዕቃ ተይዞ በቅዝቃዜ መላክ አለበት፤ ክፍት ከቆየ ትነቱ ያመልጥና ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። ከዚያ እስከ ውሃው ድረስ የመከታተያ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ። በአጥሩ ውስጥ የምታዩአቸው ክዳን ያላቸው ቱቦዎች እነዚህ ናቸው፤ ቤኤር ኒቱር ይባላሉ። ቢያንስ ሦስት መሆን አለባቸው። ለምን ሦስት? ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ እንደሚቀመጥ አስቡ። ምጣዱ ወደየት እንዳዘነበለ ለማወቅ የሦስቱንም ጉልቻ ከፍታ ማየት ያስፈልጋል። የከርሰ ምድር ውሃም እንዲሁ ነው፤ በሦስት ቦታ ከፍታው ሲለካ ወዴት እንደሚፈስ ይታወቃል። ወዴት እንደሚፈስ ካልታወቀ ብክለቱ ወደ ማን ጉድጓድና ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ መናገር አይቻልም።

ማጽዳቱስ? መንገዱ ብዙ ነው። ብክለቱ ጥልቅ ካልሆነ አፈሩ ተቆፍሮ ይወሰዳል፤ ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን አፈሩ ወዴት እንደ ተወሰደ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ማዛወር ጽዳት አይባልምና። ለቤንዚን ትነቱን በፓምፕ ስቦ በከሰል ማጣሪያ ማሳለፍ ይቻላል። በውሃው ላይ የተንሳፈፈው ነዳጅ ከጉድጓድ ተቀድቶ ይወጣል። ውሃውም ወጥቶ ሊጣራ ይችላል፤ ነገር ግን ፓምፑ ሲቆም በአፈሩ የቀረው ነዳጅ እንደገና ስለሚሟሟ ቁጥሩ ተመልሶ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ አንድ ጥሩ ውጤት ብቻ ታይቶ ሥራው አለቀ አይባልም። በአፈር ውስጥ ነዳጅን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችም አሉ፤ አየር፣ እርጥበትና እንደ ማዳበሪያ ያለ ምግብ ቢያገኙ ሥራቸውን ያፋጥናሉ። እንደ ናፍጣ ላለ ከባድ ነዳጅ ይህ መንገድ ይረዳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ፍሰቱ ሳይቆም ማጽዳት በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።

ሁለት ታሪኮችን ከዚሁ አገር እንጥቀስ። በ2011 በኔጌብ በናሐል ጺን አካባቢ የምድር መቆፈሪያ መሣሪያ የነዳጅ ቧንቧ መትቶ ወደ 1.5 ሚሊዮን ሊትር የሚሆን የአውሮፕላን ነዳጅ ፈሰሰ። በአንድ አፍታ የተሠራ ጥፋት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2014፣ ከኤላት እስከ አሽከሎን የሚዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ በቤኤር ኦራ አቅራቢያ ተሰብሮ ወደ 5 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ዘይት ወደ ኤቭሮና የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ፈሰሰ። ኤቭሮና የግራር ዛፍና ሚዳቋ ያለበት ምድረ በዳ ነው፤ ግራርን እኛ ከአገር ቤት እናውቀዋለን።

የኤቭሮና ታሪክ ትልቁ ትምህርት ግን ከ2014 አይጀምርም። በዚያው አካባቢ በ1975ም ዘይት ፈስሶ ነበር፤ ያን ጊዜ አፈሩ እንዳለ ተተወ። ተመራማሪዎች ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ሄደው ሲያዩ አፈሩ አሁንም ውሃ አልቀበልም ይላል። ትልልቆቹ ግራሮች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የሚበቅሉት ልጆቻቸው ግን ከንጹሑ ቦታ ያነሱ ናቸው። ከሩቅ ያየው ሰው ዛፉ ስላለ ሁሉ ደህና ነው ይላል። ያጣው ቀጣዩ ትውልድ ነው። «ተዉት፣ ጊዜ ያጸዳዋል» የሚሉን ሰዎች ይህን ቢያዩ ደግ ነው። የቧንቧው ኩባንያ ጉዳይ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመንግሥት የምስጢር ትእዛዝ የተሸፈነ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶቻችን። የቧንቧው ጫፍ ያለው አሽከሎን መሆኑን፣ አሽከሎንም የብዙ ወገኖቻችን ከተማ መሆኗን አንርሳ።

አሁን ወደሚያመን ነገር እንምጣ። ከቴል አቪቭ በስተሰሜን ፒ ግሊሎት የሚባል ትልቅ የነዳጅ ማከማቻ ነበር። በሜይ 2002 በነዳጅ መኪና ላይ የተጠመደ ፈንጂ በግቢው ውስጥ ፈነዳ፤ እሳቱ ሳይዛመት በመጥፋቱ ታላቅ እልቂት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማከማቻው ተዘጋ። መሬቱ ለቤት መሥሪያ ሲፈለግ የተበከለው አፈር መጽዳት ግዴታ ሆነ። ደግ ነው፤ መጽዳት አለበት። ነገር ግን ከዚህ የምንማረው መሬቱ ውድ ሲሆን ለጽዳቱ ገንዘብ እንደሚገኝ ነው። ባለ ሀብት ቤት ሊሠራበት የማይቸኩልበት፣ የመሬቱ ዋጋ ዝቅ ያለበት ሰፈርስ? እዚያ ያለው አሮጌ ታንክ ማንን ይጠብቃል? የቤንዜኑ ጉዳት በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚጠይቅ ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። በ1959 የወጣው የውሃ ሕግ የአገሪቱ የውሃ ምንጮች የሕዝብ ንብረት እንደሆኑ ይደነግጋል፤ ሕዝብ ማለት እኛም ነን። በ1997 ስለ ነዳጅ ማደያዎች የወጣው ደንብ ውሃ እንዳይበከል ታንኮችና ቧንቧዎች እንዲጠበቁና እንዲመረመሩ ያዝዛል። በ1998 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግም ማንኛውም ዜጋ በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለውን መረጃ እንዲጠይቅ ፈቅዶለታል። ስለዚህ በሰፈራችሁ አጥር ሲታጠር የሰፈር ኮሚቴው ለኢሪያው፣ ለአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴርና ለውሃ ባለሥልጣን እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ያቅርብ፦

አንደኛ፣ በቦታው ከዚህ በፊት ምን ነበር? የቦታው ታሪክ ሲጠና የቀድሞ ሠራተኞችና ጎረቤቶች ተጠይቀዋል ወይ?

ሁለተኛ፣ ፍሰቱ ቆሟል ወይ? ታንኮቹስ ወጥተዋል?

ሦስተኛ፣ ስንት የመከታተያ ጉድጓድ ተቆፈረ? ውሃውስ ወደየትኛው ሰፈር ይፈስሳል?

አራተኛ፣ በቅርብ ባሉት ቤቶችና የልጆች መዋያዎች ውስጥ አየሩ ተለክቷል ወይ?

አምስተኛ፣ የተቆፈረው አፈር ወዴት ይወሰዳል? ወጪውንስ የሚከፍለው ያበላሸው ነው ወይስ ሕዝብ?

ስድስተኛ፣ ሥራው አለቀ የሚባለው በምን ልክ ነው? ከዚያ በኋላስ ለምን ያህል ጊዜ ይከታተላል? ውጤቱስ በአማርኛ ይነገረናል ወይ?

መልሱ ሲመጣ የምታገኟቸውን ቃላት ከአሁኑ ያዙ። ካርካ አፈር ወይም መሬት ነው፤ ዚሁም ብክለት ነው፤ ሜይ ትሆም የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ሴከር ጥናት ነው፤ ኒቱር ክትትል ነው። አምስት ቃል ብቻ ናቸው። እነዚህን የያዘች እናት ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ባታነብም ስለ ምን እንደሚናገር ታውቃለች፤ ልጇንም ከአስተርጓሚነት ታሳርፋለች።

እስከዚያው ግን ጥንቃቄ አይለየን። ልጆች ወደ ታጠረው ቦታና ወደ ተቆፈረው ጉድጓድ አይግቡ። በቤት ውስጥ የነዳጅ ሽታ የሸተታችሁ እንደሆነ መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አትጫሩ፤ ከቤት ወጥታችሁ ለእሳት አደጋ መከላከያ ደውሉ። ሽታው ቢጠፋም ሳታስመዘግቡ አትተዉት፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። ዛሬ የተጻፈች አንዲት መስመር ነገ የምርመራው መነሻ ትሆናለች።

መምህራን ሆይ፣ ከእናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። የማሰሮውን ሙከራ ለልጆቹ አሳዩ፤ ከዚያም ልጆቹ ወደ አያቶቻቸው ሄደው «በዚህ ሰፈር ድሮ ምን ነበር? አንተስ የት ትሠራ ነበር?» ብለው ጠይቀው ጽፈው እንዲመጡ አድርጉ። ልጁ የመሐንዲስ ወረቀት ለአባቱ ከሚያስተረጉም ይልቅ የአያቱን ምስክርነት ጽፎ ለመሐንዲሱ ቢያቀርብ የተሻለ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት እያሉ እንጠይቃቸው።